ቀንድ አውጣው በርካሽ ይሸጣል፤ ሒሳቡን ባሕሩ ይከፍላል

በአሜሪካ የአኳሪየም መደብሮች ለመልካቸው ሳይሆን ለጉልበታቸው የሚሸጡ እንስሳት አሉ፡፡ ቀንድ አውጣዎችና ትንንሽ ሸርጣኖች በደርዘንና በመቶ እየተቆጠሩ፣ ነጋዴዎቹ «የጽዳት ቡድን» ባሉት የጋራ ስም ለገበያ ይቀርባሉ፡፡ ሥራቸው የጨው ውኃ በተሞላ የመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚበቅለውን አልጌ፣ በትምህርት ቤት መጻሕፍት አጠራር ዋቅላሚ፣ መብላት ነው፡፡ የአንዱ ዋጋ አነስተኛ ስለሆነ ገዢው ብዙ አያስብበትም፡፡ ይሁንና ጠቅላላ ድምሩ ሲታይ ንግዱ ቀላል አይደለም፡፡

ለዚህ ገበያ አቅራቢ ከሆኑት አካባቢዎች አንዷ የፍሎሪዳ ግዛት ናት፡፡ አንድሪው ራይንና ባልደረቦቹ ከ1994 እስከ 2007 የተመዘገበውን የግዛቲቱን ምርት መርምረው፣ በ2009 ፕሎስ ዋን በተባለው የሳይንስ መጽሔት ጥናታቸውን አውጥተዋል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፡፡ በጥናቱ መሠረት በ2007 ብቻ 9 ሚሊዮን አከርካሪ አልባ የባሕር እንስሳት ተሰብስበዋል፡፡ ከእነዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮኑ አልጌ የሚግጡ ሲሆኑ፣ ቁጥራቸው ለጌጥና ለመታሰቢያ ዕቃ ከተሰበሰቡት እጥፍ ነው፡፡ ተመራማሪዎቹ የቁጥጥሩ ሥርዓት ከገበያው ጋር አብሮ አይራመድም፣ ሀብቱም ለውድቀት ተቃርቧል ሲሉ አስጠንቅቀዋል፡፡

ፍላጎቱን ያመጣው

ቀደም ሲል የጨው ውኃ ገንዳ ያለው ሰው በአመዛኙ የሚያኖርበት ዓሣ ብቻ ነበር፡፡ ከ1990ዎቹ ወዲህ ግን ሕይወት ያለው ኮራልና አለት የሚገባበት «ትንሽ ሪፍ» እየተስፋፋ መጣ፡፡ ኮራል ብርቱ ብርሃን ይፈልጋል፤ ዓሣው ደግሞ በየዕለቱ ይመገባል፡፡ ከምግቡ ትራፊና ከኩሱ ናይትሬትና ፎስፌት ይወጣል፡፡ እነዚህ ገበሬው በዳፕና በዩሪያ መልክ ማሳው ላይ ከሚበትነው ጋር አንድ ወገን ናቸው፡፡ ማዳበሪያና ብርሃን ባለበት አረም አይጠፋም፤ የገንዳው አረም አልጌ ነው፡፡

ባለገንዳው በዚህ ጊዜ ሁለት ምርጫ አለው፤ ማዳበሪያውን መቀነስ ወይም አራሚ መቅጠር፡፡ የመጀመሪያው ትዕግሥት ይጠይቃል፡፡ ሁለተኛው በአንድ የስልክ ትዕዛዝ ይፈጸማል፡፡ ገበያውን ያሳደገው ይኸው ነው፡፡

ሁሉም ሁሉን አይበላም

ቱርቦ የሚባለው ቀንድ አውጣ በመስታወትና በአለት ላይ የሚለጠፈውን ስስ አልጌና አጭሩን ጸጉር መሰል አልጌ ይግጣል፡፡ አረፋ የመሰለውን አልጌ ኤመራልድ የተባለው አረንጓዴ ሸርጣን ሊበላው ይችላል፤ እርሱም ሁልጊዜ አይደለም፡፡ ታንግ የሚባሉት ዓሦች ቅጠል መሰሉን ይወዳሉ፤ ነገር ግን ሰፊ ገንዳ ይሻሉ፡፡ ቀዩን ዝልግልግ ምንጣፍ ግን አብዛኞቹ አይነኩትም፡፡ እንዲያውም እርሱ ሳይኖባክቴሪያ እንጂ እውነተኛ አልጌ አይደለም፡፡ ይህን ሳይለይ የሚገዛ ሰው ለማይሠራ ሠራተኛ ደመወዝ ይከፍላል ማለት ነው፡፡

ሞት የሚያንቀሳቅሰው ሽያጭ

በመደብሮች ሲነገር የኖረው ደንብ «ለአንድ ጋሎን ውኃ አንድ ቀንድ አውጣ» የሚል ነው፡፡ ጋሎኑ ከ4 ሊትር ጥቂት ያንሳል፡፡ ደንቡ የገንዳውን ስፋት እንጂ የመኖውን መጠን አይለካም፡፡ የባሕር ጥንቸል የሚባለው ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል፤ ረጅሙን ጸጉራም አልጌ በአጭር ጊዜ ይጨርስና ሌላ መኖ ካላገኘ በረሃብ ይሞታል፡፡ ማርጋሪታ የሚባለው ቀንድ አውጣ የቀዝቃዛ ውኃ ፍጡር ሆኖ ሳለ ለሞቃት ገንዳ ይሸጣል፤ ዕድሜውም ያጥራል፡፡ በሌላ ፍጡር ቅርፊት ውስጥ ስለሚኖር «ባሕታዊ» የተባለው ሸርጣንም ቅርፊት ሲጠበው ቀንድ አውጣውን ገድሎ ቤቱን የሚወርስበት ጊዜ አለ፡፡

የሞተው ሲበሰብስ የበላው ሁሉ ተመልሶ ማዳበሪያ ይሆናል፡፡ በሕይወት ያለውም ቢሆን የጋጠውን በኩስ መልክ ይመልሰዋል፡፡ ሒሳቡ ከአንድ መዝገብ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አልተዘጋም፡፡ አልጌው ሲመለስ ባለገንዳው እንደገና ይገዛል፡፡ ነጋዴው በሁለቱም ጊዜ ያተርፋል፡፡

በዋጋው ውስጥ ያልገባው ወጪ

በቀንድ አውጣው ዋጋ ውስጥ የሰብሳቢው ድካም፣ የማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ይገኛሉ፡፡ የሌለው በባሕር ውስጥ ይሠራው የነበረው ሥራ ነው፡፡ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ሌላ ወገን የሚሸከመውን እንዲህ ያለ ወጪ «ውጫዊ ወጪ» ይሉታል፡፡

ጋጮች ሲጠፉ የሚሆነውን ካሪቢያን አሳይታለች፡፡ በ1983 እና 1984 በሽታ በዚያ ባሕር የነበረውን ባለ ረጅም እሾህ የባሕር ጃርት አብዛኛውን ፈጀው፡፡ በጃማይካ ከበሽታው በፊት ከልክ ያለፈ ዓሣ ማጥመድና አውሎ ነፋስ ሪፉን አዳክመውት ነበር፡፡ ቴሪ ሂውዝ በ1994 ሳይንስ በተባለው መጽሔት እንዳሰፈረው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ከ50 በመቶ በላይ የነበረው የኮራል ሽፋን ከ5 በመቶ በታች ወርዶ፣ አልጌ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን ቦታ ያዘ፡፡ በ2022 በካሪቢያን፣ በ2023 ደግሞ በቀይ ባሕር የአቃባ ባሕረ ሰላጤ የባሕር ጃርቶች እንደገና በብዛት አልቀዋል፡፡ በሽታውን ያመጡት ሰብሳቢዎች አይደሉም፡፡ ነገር ግን በሽታ ሊመታው በሚችል ሪፍ ላይ የቀሩትን ጋጮች በሚሊዮን መልቀም መጠባበቂያውን መብላት ነው፡፡

ከባሕር የማይለቀም አቅርቦት

መፍትሔው ንግዱን መዝጋት ላይሆን ይችላል፡፡ አልጌ በሉን ቢጫ ታንግ ከእንቁላል ጀምሮ ማሳደግ ለረጅም ጊዜ ሳይቻል ቆይቶ፣ በ2015 የሃዋይ ኦሽያኒክ ኢንስቲትዩት ተሳካለት፡፡ ከዚያ ወዲህ በእርባታ ያደገው ዓሣ ለገበያ ቀርቧል፡፡ ትሮከስ የሚባለው ቀንድ አውጣም በገንዳ ውስጥ ሊራባ ይችላል፡፡

የባለገንዳው ድርሻ ቀላልና ርካሽ ነው፡፡ መኖ መቀነስ፣ ፎስፌት የሌለበት የተጣራ ውኃ መጠቀም፣ ናይትሬትና ፎስፌቱን መለካት፣ አልጌውን በእጅ ነቅሎ ከገንዳው ማውጣት ይችላል፡፡ በተለየ ገንዳ ውስጥ ጠቃሚ አልጌ አብቅሎ በየጊዜው ማጨድም ይቻላል፤ ከታጨደው ጋር ማዳበሪያውም ይወጣልና፡፡ ከዚህ በኋላ ለተረፈው አልጌ የሚበቁትን ጥቂት ጋጮች አንድ በአንድ መጨመር ይበቃል፡፡ መቶ ቀንድ አውጣ ለመግዛት ያሰበ ሰው አሥር ገዝቶ ሥራቸውን ቢያይ ገንዘቡም ይተርፋል፣ ዘጠናውም በሪፋቸው ላይ ይቀራሉ፡፡