ኮሌጁና ጐረቤቶቹ

የአንድ ኮሌጅ ምርምር ዋጋው የሚታወቀው በዙሪያው ለሚኖረው ሕዝብ በሰጠው መልስ ነው። ለዚህም የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅን ታሪክ በምሳሌነት እናቀርባለን።

እንደሚታወቀው፣ ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በተንጣለለው የደንቢያ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1953 የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ሰባት ሺህ ያህል የሚገመት ሕዝብ ፈጅቷል። ክረምቱ ሲወጣ በሜዳው ላይ ተኝቶ የሚቀረው ውሃ የወባ ትንኝ መራቢያ ነው። ወቅቱም ገበሬው ለአዝመራው የሚደክምበት በመሆኑ፣ በሽታው ከሰው አልፎ ጎተራን ያራቁታል። በተከታዩ ዓመት፣ በ1954፣ መንግሥት በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ርዳታ ኮሌጁን በጎንደር ከፈተ። ኮሌጁ የተተከለው መከራው ከደረሰበት አገር አጠገብ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ሥልጠናውም ይህንኑ የተከተለ ነበር። ጤና መኮንኑ፣ የኅብረተሰብ ነርሷና ሳኒተሪያኑ በአንድ ቡድን ተደራጅተው ወደ ጤና ጣቢያዎች ይሰማሩ ነበር። አንዱ በሽተኛውን ሲመረምር፣ ሌላዋ እናቶችንና ሕፃናትን ትጎበኛለች፤ ሦስተኛው ምንጩንና መጸዳጃውን ይመለከታል። ወታደር የሚሰፍርበትን ምድር አስቀድሞ እንደሚያጠና ሁሉ፣ የጤና ሠራተኛም የበሽታውን ሠፈር ማወቅ ግዴታው ነው።

ኮሌጁ ወደ ዩኒቨርሲቲነት ከማደጉ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ ከጎንደር በስተሰሜን በዳባት የጥናት ጣቢያ አቋቋመ። በዚያም መዝጋቢዎች ከቤት ቤት እየዞሩ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን አገር እንደለቀቀ ይጽፋሉ። ሐኪም ሳያየው የሞተ ሰው ሲኖር፣ የሕመሙን ምልክት ከቤተሰቡ ጠይቀው ይመዘግባሉ፤ ሐኪሞችም ከዚያ ተነሥተው የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ።

ይህ ተራ የጽሕፈት ሥራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በቤቷ በወሊድ ምክንያት የሞተች እናት በየትኛውም የሆስፒታል መዝገብ ላይ አትገኝም። በመዝገብ ካልተገኘች ደግሞ ለመንደሯ አዋላጅ ሲመደብ የሚያስታውሳት የለም። ያልተቈጠረ ሰው በጀት ሲደለደል ይዘነጋል።

ስለሆነም ጥናቱ በሁለቱም ወገን ዕዳ አለበት። ነዋሪው እውነቱን ሳይደብቅ መናገር አለበት። ተመራማሪውም የሰበሰበውን ይዞ በዚያው መቅረት የለበትም። ሐዘኗ ሳይወጣላት ስለ ሟች ልጇ ተጠይቃ የመለሰች እናት፣ ቃሏ ለጐረቤቷ ልጅ ምን እንደ ፈየደ ልትሰማ ይገባታል እንላለን።