እውነት ወይስ ተረት? «ሳድስ ድምፅ የለውም»

ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ ያለውን ጣራ ገዳምን ተሳልሞ ወደ ደብረ ታቦር የሚሻገር መንገደኛ የሦስቱን ቦታዎች ስም ቀስ ብሎ ይጥራ። የጣራ ገዳም «ም»፣ የአዲስ ዘመን «ስ» እና «ን»፣ የደብረ ታቦር «ብ» እና «ር» ሁሉም ሳድስ ናቸው፤ አንዳቸውም አናባቢ አያሰሙም። በእነዚህ ብቻ የፈረደ ሰው ሳድስን ዲዳ ቢለው አይገርምም። ግን እውነት ነው?

ተረት 1፦ ሳድስ ድምፅ የለውም።

እውነቱ፦ ከደብረ ታቦር ወደ ጋይንት ሲወጡ ክምር ድንጋይ ትገኛለች። ከሰባቱ ፊደሎቿ ስድስቱ ሳድስ ናቸው። «ክ»፣ «ም» እና «ድ» አናባቢያቸውን ያሰማሉ፤ «ር»፣ «ን» እና «ይ» ይውጡታል። ሦስት ለሦስት! አማርኛ ቃል ሲጀምር ተነባቢ በተነባቢ ላይ መደረብ እምብዛም አይወድም፤ ሲጨናነቅበት «እ»ን ጣልቃ ያስገባል። እንግሊዞች በአንድ ቀለም የሚጠሩትን «ክለብ» እኛ በሁለት ቀለም የምንጠራውም ለዚህ ነው። ድምፁን ለመያዝ «ኢ» በሉና ከንፈራችሁን ሳታሞጠሙጡ ምላሳችሁን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡት፤ «እ» ትወጣለች።

ተረት 2፦ «እ» የግዕዝና የልጆቹ ብቻ ድምፅ ናት።

እውነቱ፦ ሩቅ ሳንሄድ፣ የደቡብ ጎንደር ጎረቤት በሆነው በዋግ ኽምራ የሚነገረው ኽምጣና የአገው ቋንቋ ነው፤ «እ» ግን አለችው። ሮማንያውያን አገራቸውን «ሮምኒያ» ብለው ሲጠሩ «ም»ን የሚያነቡት በዚችው ድምፅ ነው። ሩሲያዊ «አንተ» ለማለት አናባቢዋን አሰምቶ «ት» ይላል። በፓራጓይ ከስፓኒሽ ጋር የመንግሥት ቋንቋ በሆነው በጓራኒ ደግሞ «እ» ብቻዋን ሙሉ ቃል ናት፤ ትርጉሟም «ውኃ» ነው። ቱርኮችም እ.ኤ.አ. በ1928 የላቲንን ፊደል ሲቀበሉ ለምትቀርባት ድምፅ ነጥብ የሌለው «አይ» አበጁላት። በአንጻሩ የቅርባችን አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ ከአናባቢዎቻቸው ተራ አያስገቧትም። የድምፅ ዝምድናና የአገር ቅርበት ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ተረት 3፦ ሳድስ ከጥንት ከመሠረቱ እንዲሁ ነበር።

እውነቱ፦ «እ» የሁለት ድምፆች ወራሽ ናት። የጥንቱ ሴማዊ አጭር «ኢ» እና አጭር «ኡ» በግዕዝ ተዋህደው እሷን ወለዱ። ጆሮ በዐረብኛ «ኡዝን» ነው፣ በግዕዝ «እዝን»፤ ጥርስ በዐረብኛ «ሲን» ነው፣ በግዕዝ «ስን»። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ኢዛና ዘመን፣ ፊደላችን አናባቢ ሲቀጠልለት «እ» ላለበትም ምንም አናባቢ ለሌለበትም አንድ ቅርጽ ተሰጠ። የዛሬው ግርታ ምንጩ ይኸው ነው፤ ጉድለቱ የድምፁ ሳይሆን የአጻጻፉ ቁጠባ ነው።

ስለዚህ ለልጆቻችሁ ፊደል ስታስቆጥሩ «ሳድስ ድምፅ የለውም» አትበሏቸው፤ «አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ይዋጣል» በሏቸው። ለሚከራከራችሁም መልሱ ቀላል ነው፦ እስቲ ክምር ድንጋይን ያለ «እ» ይጥራት።