ህዋስ በምን ይራመዳል?

በ1950ዎቹ ዴቪድ ሮጀርስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በማይክሮስኮፕ የቀረጸው አጭር ፊልም አለ። በቀይ የደም ህዋሳት መካከል አንድ ኒውትሮፊል፣ ማለትም ከነጭ የደም ህዋሳት ወገን የሆነ፣ ባክቴሪያ ያሳድዳል። ባክቴሪያው ሲታጠፍ አብሮት ይታጠፋል፤ በመጨረሻም ደርሶ ይውጠዋል። እግር የለው፣ ዐይን የለው፤ ታዲያ በምን ይሮጣል?

የሚያስሮጠው የህዋስ አጽም ነው። ይህ አጽም እንደ አጥንት አንዴ ተሠርቶ የሚቀር አይደለም፤ ለድግስ እንደሚጣል ዳስ ሲያስፈልግ ይቆማል፣ ሲበቃ ይፈርሳል፣ እንጨቱም ለሌላ ዳስ ይውላል። እዚህ እንጨቱ አክቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። አክቲኖች ተያይዘው 7 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ክር ይሠራሉ። ከፊት በኩል ክሮቹ እያደጉ የህዋሱን ሽፋን ይገፋሉ፤ ከኋላ ማዮሲን የተባለው ሌላ ፕሮቲን ይስባል። የት እንደሚገፋና የት እንደሚሳብ ከሚወስኑት መንገዶች ዋነኛው ፎስፌት የተባለ ትንሽ ኬሚካላዊ ቡድን ፕሮቲን ላይ መለጠፍና ማንሣት ነው።

ለጣፊዎቹ ካይኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው፤ በሰው ዘረመል ውስጥ ከ500 በላይ የሚሆኑ ይገኛሉ። ፎስፌቱን ኤቲፒ ከሚባለው የህዋስ ኃይል ተሸካሚ ሞለኪውል ወስደው ፕሮቲኑ ላይ ያኖሩታል። የሚያነሡት ደግሞ ፎስፋቴዞች ናቸው። ይህን መለጠፍና ማንሣት ኤድዊን ክሬብስና ኤድመንድ ፊሸር በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲያትል ውስጥ የጡንቻን ኢንዛይም ሲያጠኑ አገኙት፤ በ1992 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ፎስፌት ኔጌቲቭ ሙል ስላለው የፕሮቲኑን ቅርጽ ወይም ከሌሎች ጋር የሚያያዝበትን ሁኔታ ይለውጣል።

ብዙ ጊዜ ፎስፌት ፕሮቲንን «ያነቃል» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ኮፊሊንን እንውሰድ፤ ሥራው የአክቲንን ክር መቁረጥ ነው። አፍራሽ ይመስላል እንጂ ያለ እሱ መራመድ ይከብዳል፤ ያረጀው ክር ካልፈረሰ አዲስ ክር የሚሠራበት አክቲን ያጥራል። ሊም ካይኔዝ ኮፊሊን ላይ ፎስፌት ሲለጥፍበት ግን ክሩን መያዝ ያቅተውና መቁረጡን ያቆማል። ስሊንግሾት የተባለው ፎስፋቴዝ ሲያነሣለት ወደ ሥራው ይመለሳል። ማዮሲን ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ፎስፌት ሲያገኝ ነው ነቅቶ የሚስበው።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ሮክ የሚባለው ካይኔዝ ነው። ማዮሲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል። በዚህ አይበቃውም፤ ከማዮሲን ላይ ፎስፌት የሚያነሣውን ፎስፋቴዝ ራሱን ፎስፌት ለጥፎ ያዳክመዋል። ደግሞም ሊም ካይኔዝን አንቅቶ በእሱ በኩል ኮፊሊንን ያስቆማል፤ የሚሳቡት ክሮች በመሳቡ መሐል እንዳይቆረጡ። አንድ ኢንዛይም፣ አንድ ዓይነት ፎስፌት፣ ሦስት ቦታ፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው፦ መኮማተር። በኒውትሮፊል ሮክ የሚበረታው ከጀርባ በኩል ነው፤ ከፊት ራክ የተባለ ሌላ ፕሮቲን የአክቲንን እድገት ይመራል። መኮማተሩ በሁሉም በኩል እኩል ቢሆን ህዋሱ ባለበት ይሸማቀቅ ነበር እንጂ ባክቴሪያ አያሳድድም።

ሮክን መግታት ዛሬ ሕክምና ሆኗል። ጃፓን በ1995 የፈቀደችው ፋሱዲል የአንጎል ደም መፍሰስን ተከትሎ የሚመጣውን የደም ሥር መጥበብ ይከላከላል። በ2017 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ኔታርሱዲል ደግሞ የግላኮማ የዐይን ጠብታ ነው፤ የዐይን ውስጥ ፈሳሽ የሚወጣበትን ህብረ ህዋስ ስለሚያላላ ግፊቱ ይቀንሳል። ጠብታውን ከሚጠቀሙት የብዙዎቹ ዐይን ይቀላል። የዐይን ነጭ ክፍል ላይ ያሉትን የደም ሥሮች የሚያኮማትረው ጡንቻም በሮክ ስለሚሠራ አብሮ ይላላል፤ ደም ሥሮቹም ይሰፋሉ።