ሥጋ ውስጥ የሚገባ ጥፍር፦ መንስኤውና ሕክምናው

ጠበብ ያለ ጫማ ተጫምተው ሲውሉ የእግርዎን አውራ ጣት ጎኑን ወግቶዎት ያውቃል? ብዙዎቻችን ሕመሙን ለማስታገስ ምላጭ አንስተን የጥፍሩን ጥግ ጠለቅ አድርገን እንቆርጣለን። ለጊዜው ቀለል ይለናል። ከሳምንታት በኋላ ግን ሕመሙ ብሶ ይመለሳል። ለምን?

መንስኤው

የጥፍሩ ጥግ ተቆርጦ ሲወጣ በዙሪያው ያለው ሥጋ ክፍት ቦታውን ይሞላዋል። ጥፍሩ እንደገና ሲያድግ መንገዱ ስለተዘጋበት ሥጋውን እየወጋ ይገባል። ጣትን የሚጨምቅ ጫማና ካልሲ፣ የእግር ላብ፣ የኳስ ምት እንዲሁም በተፈጥሮ የተጠማዘዘ ጥፍርም ለዚሁ ያጋልጣሉ።

ምልክቶቹ

መጀመሪያ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ያማል። ከቆየ መግል ይይዛል፤ በቀላሉ የሚደማ ትርፍ ሥጋም ሊበቅል ይችላል።

ሕክምናው

መግል ካልያዘ እግርዎን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቀን 3 ጊዜ ይዘፍዝፉ። ከዚያም ሥጋውን ከጥፍሩ ቀስ አድርገው ይግፉትና በሚገባ ያድርቁት። እስኪሻልዎ ድረስ ክፍት ጫማ ያድርጉ። ጥጉን በምላጭ ወይም በመርፌ አይነካኩት።

በጥቂት ቀናት ካልተሻለዎ ወይም መግል ከያዘ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሐኪሙ ጣቱን አደንዝዞ ሥጋ ውስጥ የገባውን የጥፍር ጠርዝ ብቻ ያወጣል። የሚመላለስ ከሆነ ያ ጠርዝ ዳግም እንዳይበቅል ሥሩን ፌኖል በተባለ ኬሚካል ያክመዋል። ሥሩ ሳይታከም ሙሉ ጥፍሩን መንቀል ግን ብዙ ጊዜ መፍትሔ አይሆንም። ጣትዎ በፋሻ ከታሰረ የውዱእ አፈጻጸሙን ዓሊሞችን ይጠይቁ።

የስኳር ሕመምተኞች ሆይ!

ስኳር የእግርን ስሜትና የደም ዝውውር ሊያዳክም ስለሚችል ትንሿ ቁስል ሳትታወቅ ተስፋፍታ ጣትን፣ አልፎም እግርን እስከማስቆረጥ ልትደርስ ትችላለች። ስለዚህ በቤት ውስጥ ሳይሞክሩ ወዲያውኑ ሐኪም ያማክሩ።

መከላከያው

ጥፍርን መቁረጥ ከፊጥራ ሱናዎች አንዱ ሲሆን ከ40 ቀን በላይ እንዳይቆይም በሐዲሥ ተወስኗል። ሲቆርጡ ግን ቀጥ አድርገው፣ በጣም ሳያሳጥሩና ጥጉን ሳያጎደጉዱ ይሁን። ከውዱእ በኋላ የጣቶችዎን መሐል ማድረቅን አይርሱ። ለልጆችዎ ጫማ ሲገዙም ጣታቸው ውስጡ እንደልብ መንቀሳቀሱን ያረጋግጡ።