ለዲጂታል የጊታር ሞዴለር የትኛው ስፒከር? ሙሉ ክልል ስፒከርና የጊታር ካቢኔት በንጽጽር

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ዲጂታል ሞዴለር የሚጠቀም ጊታር ተጫዋች ድምፁን በምን ዓይነት ስፒከር ማውጣት እንዳለበት በሙዚቀኞች ዘንድ ያልተቋጨ ክርክር አለ። የክርክሩ መነሻ የጣዕም ልዩነት ብቻ ሳይሆን የጊታር ስፒከር በድምፅ ሰንሰለቱ ውስጥ የሚያከናውነው የማጣራት ሥራ መሆኑን ይህ ጽሑፍ ያስረዳል። ምርጫው «የትኛው ይሻላል?» ከሚለው ይልቅ «ማጣሪያው የት ይቀመጥ? ስንት ጊዜስ ይሥራ?» በሚለው ጥያቄ ሊመራ እንደሚገባም ያመለክታል።

1. መግቢያ

የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ በጊታሩ ብቻ የሚፈጠር አይደለም። የክሩ ንዝረት በፒክአፕ ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለወጣል፤ አምፕሊፋየሩ ምልክቱን ሲያጎላ ቅርጹንም ይለውጣል፤ በመጨረሻም ስፒከሩ ወደ አየር ንዝረት ይመልሰዋል። ዲጂታል ሞዴለር ይህንን ሰንሰለት በሒሳባዊ ስሌት የሚተካ መሣሪያ ነው። ላይን 6 የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ፖድ የተሰኘውን መሣሪያ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ቴክኖሎጂው በእጅጉ ተሻሽሏል። ዛሬ የአምፕሊፋየሩን ጠባይ ከሞዴለሩ ለይቶ ማወቅ ልምድ ላለው ጆሮም አስቸጋሪ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ይሁን እንጂ የሰንሰለቱ የመጨረሻ ክፍል፣ ማለትም ስፒከሩ፣ በስሌት ብቻ ሊተካ አይችልም፤ ድምፅ ለመሰማት የግድ አየር መንቀጥቀጥ አለበትና። በዚህም የተነሣ አንድ ተጫዋች በጆሮ ማዳመጫ ያማረለት ድምፅ፣ ቀድሞ በነበረው የጊታር ካቢኔት ሲወጣ ታፍኖ ይሰማዋል። ሌላው ደግሞ ውድ የሆነ ሙሉ ክልል ስፒከር ገዝቶ ድምፁ ይሻክርበታል። ሁለቱም ጥፋቱን በሞዴለሩ ላይ ሊያሳብቡ ይችላሉ። በአብዛኛው ግን ችግሩ ያለው ሞዴለሩና ስፒከሩ በተገናኙበት መንገድ ላይ ነው።

2. የጊታር ስፒከር እንደ ማጣሪያ

በተለመደው ቅኝት የጊታር ዝቅተኛው ድምፅ 82.4 ሄርዝ ገደማ ነው። 24 ፍሬት ባለው ጊታር ከፍተኛው መሠረታዊ ድግግሞሽ 1,318.5 ሄርዝ ገደማ ይደርሳል። ምልክቱ በአምፕሊፋየር ከመጠን በላይ ሲገፋ ግን ዲስቶርሽን ይፈጠራል፤ ዲስቶርሽኑም ከ10 ኪሎሄርዝ በላይ የሚዘልቁ በርካታ ሃርሞኒኮችን ይጨምራል። እነዚህ ሃርሞኒኮች ሳይጣሩ ቢሰሙ የንብ መንጋ የመሰለ የሚያውክ ድምፅ ይሰጣሉ።

የሚያጣራቸው ስፒከሩ ነው። የተለመደው ባለ 12 ኢንች የጊታር ስፒከር የሚያስተላልፈው ክልል በግርድፉ ከ75 ሄርዝ እስከ 5 ኪሎሄርዝ ነው። ከ2 እስከ 4 ኪሎሄርዝ ባለው ክልል ድምፁ ጎላ ይላል፤ ከ5 ኪሎሄርዝ በኋላ ደግሞ በፍጥነት ይወድቃል። የወረቀት ሾጣጣው በከፍተኛ ድግግሞሽ እንደ አንድ አካል መንቀሳቀሱን ትቶ በክፍልፋይ ይንቀጠቀጣል፤ የጎላው ክልልም በዋናነት ከዚህ የመጣ ነው። የሽቦ ጥቅሉ ክብደትና ኢንዳክታንስ በበኩላቸው ለመውደቁ አስተዋጽኦ ያደርጋሉ። በሙዚቃ ማዳመጫ ስፒከር ላይ ይህ ሁሉ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ነገር ግን የአሜሪካው ፌንደርም ሆነ የብሪታንያው ማርሻል አምፕሊፋየሮቻቸውን የቀረጹት እንደ ጄንሰንና ሴለስቲየን ባሉ ኩባንያዎች ስፒከሮች እያዳመጡ ነው። ስለሆነም የጊታር ስፒከር የተሰጠውን ድምፅ በታማኝነት ከሚያስተላልፍ መሣሪያ ይልቅ የሙዚቃ መሣሪያው አካል ሆኖ ሊታይ ይገባል።

ሁለተኛው ጠባይ አቅጣጫዊነቱ ነው። የባለ 12 ኢንች ስፒከር ሾጣጣ የሚሠራው ስፋት 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ስለሆነ የ1,300 ሄርዝ ሞገድ ርዝመትም ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። ከዚህ ድግግሞሽ በላይ ድምፁ እንደ ባትሪ ብርሃን እየጠበበ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። ካቢኔቱን እግሩ ሥር ያስቀመጠ ተጫዋች የለዘበ ድምፅ ሲሰማ፣ አምስት ሜትር ርቆ ፊት ለፊት የተቀመጠ አድማጭ የሰላ ድምፅ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

3. ሞዴለሩ ካቢኔቱን የሚወክልበት መንገድ

ሞዴለሮች ካቢኔትን በአብዛኛው የሚወክሉት ኢምፐልስ ሪስፖንስ በተባለ መረጃ ነው። ይህም አንድ ካቢኔት ለቅጽበታዊ ምት የሚሰጠው ምላሽ በማይክሮፎን ተቀድቶ የሚቀመጥበት ሲሆን፣ ሞዴለሩ የጊታሩን ምልክት ኮንቮሉሽን በተባለ ስሌት ከዚህ ምላሽ ጋር ያዋህዳል። በሰከንድ 48,000 ናሙና በሚሠራ መሣሪያ 2,048 ናሙና ያለው ምላሽ 42.7 ሚሊ ሰከንድ ይወክላል፤ የድግግሞሽ የመለየት አቅሙም 23 ሄርዝ ገደማ ነው። ናሙናው ወደ 1,024 ሲቀንስ ይህ አቅም ወደ 47 ሄርዝ ይላላል፤ ልዩነቱ በይበልጥ የሚታየውም በዝቅተኛ ድምፆች ላይ ነው።

በዚህ ረገድ ሁለት ነጥቦች ሊሰመርባቸው ይገባል። አንደኛ፣ ኢምፐልስ ሪስፖንስ መስመራዊ ውክልና ነው። ስፒከሩ በከፍተኛ ኃይል ሲገፋ የሚያሳየውን ለውጥ አይዝም። ሁለተኛ፣ መረጃው ካቢኔቱን ብቻ ሳይሆን ማይክሮፎኑንና የተቀመጠበትን ቦታም ይይዛል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በገበያ ላይ የሚገኘው ሹር ኤስኤም57 ከሾጣጣው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲቀመጥ፣ ወደ መሐል ሲጠጋ የሰላ፣ ወደ ጠርዝ ሲሸሽ የለዘበ ድምፅ ይቀበላል። ስለዚህ ሞዴለሩ የሚያወጣው በስቱዲዮ ተቀርጾ በአልበም የምንሰማውን የጊታር ድምፅ ነው። ክፍል ውስጥ ቆመን በጆሯችን የምንሰማው የአምፕሊፋየር ድምፅ ከዚህ ይለያል።

4. አራቱ አማራጮች

ሙሉ ክልል ስፒከር ከ60 ሄርዝ አካባቢ እስከ 20 ኪሎሄርዝ ገደማ ያለውን ክልል በተቻለ መጠን ሳያበላልጥ ለማስተላለፍ የሚሠራ ነው። በአብዛኛው አንድ ትልቅ ስፒከርና አንድ ትንሽ የከፍተኛ ድምፅ ስፒከር ይኖሩታል። የካቢኔት ውክልናው መብራት ወይም መጥፋት ከስፒከሩ ዓይነት ጋር ሲጣመር አራት አማራጮች ይገኛሉ።

ውክልናው በርቶ በሙሉ ክልል ስፒከር ሲሰማ፣ ወይም ውክልናው ጠፍቶ በጊታር ካቢኔት ሲሰማ፣ ማጣሪያው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሠራ ሁለቱም ትክክለኛ ናቸው። ውክልናው በርቶ በጊታር ካቢኔት ሲሰማ ግን ማጣሪያው ሁለት ጊዜ ይሠራል። በአንድ ድግግሞሽ ላይ እያንዳንዱ ማጣሪያ 15 ዴሲቤል ቢቀንስ በድምሩ 30 ዴሲቤል ይቀነሳል፤ ድምፁም ይታፈናል። የ2–4 ኪሎሄርዙ ጉላት ስለሚደረብ በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ ይመስላል። በአንጻሩ ውክልናው ጠፍቶ በሙሉ ክልል ስፒከር ሲሰማ ማጣሪያ ጨርሶ አይኖርምና ሻካራው ድምፅ ይከሰታል። በመግቢያው የተጠቀሱት ሁለት ተጫዋቾች ችግር በአብዛኛው ከእነዚህ ሁለት የተሳሳቱ ጥምረቶች በአንዱ ይወድቃል። መፍትሔውም ሌላ ዕቃ መግዛት ሳይሆን የአንድ ማስተካከያ ለውጥ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሞዴለሮች ለየመውጫው የተለየ መስመር ስለሚፈቅዱ፣ ውክልናው ወደ ሚክሰር በሚሄደው መስመር በርቶ ወደ ካቢኔት በሚሄደው ሊጠፋ ይችላል።

5. ኃይልና ኢምፒዳንስ

ሞዴለሩን ከጊታር ካቢኔት ጋር ለማገናኘት የኃይል አምፕሊፋየር ያስፈልጋል፤ የአምፕሊፋየሩ ዓይነትም ውጤቱን ይለውጣል። 8 ኦም የሚባል ስፒከር በሁሉም ድግግሞሽ 8 ኦም አይደለም። በዝቅተኛው የማስተጋቢያ ነጥቡ ላይ ኢምፒዳንሱ ብዙ እጥፍ ያድጋል፤ በከፍተኛ ድግግሞሽም ቀስ በቀስ ይጨምራል። የቫልቭ አምፕሊፋየር የውጤት ኢምፒዳንስ በአንጻራዊነት ከፍተኛ ስለሆነ ቮልቴጁ ይህንን ኩርባ ይከተላል፤ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ድምፅ ጎላ ይላሉ። የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን ጠባይ አያሳይም።

ሞዴለሩ ይህንን ኩርባ በኃይል አምፕሊፋየር ውክልናው ውስጥ ሊያካትተው ይችላል። በመሆኑም በትራንዚስተር አምፕሊፋየር ወደ ካቢኔት ሲወጣ ውክልናው መብራቱ ተገቢ ነው። በቫልቭ አምፕሊፋየር ሲወጣ ግን ያው ጉላት ሁለት ጊዜ እንዳይደረብ ማጥፋቱ በአብዛኛው ይመረጣል።

የኃይል መጠንን በተመለከተም ጥንቃቄ ያሻል። የጊታር ስፒከሮች ስሜታዊነት ብዙውን ጊዜ በ1 ዋትና በ1 ሜትር ርቀት ከ97 እስከ 100 ዴሲቤል ነው። 100 ዴሲቤል ያለው ስፒከር በ50 ዋት 117 ዴሲቤል ገደማ ሲሰጥ፣ 90 ዴሲቤል ያለው ስፒከር ለተመሳሳይ ድምፅ 500 ዋት ይፈልጋል። ስለዚህ በሙሉ ክልል ስፒከር ላይ የተጻፈውን የዋት ቁጥር ከጊታር አምፕሊፋየር ቁጥር ጋር በቀጥታ ማነጻጸር ያሳስታል።

6. የምርጫው መመዘኛዎች

የመጀመሪያው መመዘኛ አድማጩ የሚሰማው በየትኛው መንገድ ነው የሚለው ነው። ጊታሩ በአዳራሹ የድምፅ ሥርዓት የሚያልፍ ከሆነ ሥርዓቱ ራሱ ሙሉ ክልል ስለሆነ፣ ተጫዋቹ በሙሉ ክልል ስፒከር ሲያዳምጥ ሕዝቡ ከሚሰማው ጋር የተቀራረበ ድምፅ ይሰማል። በካቢኔት ቢያዳምጥ ግን እርሱ አንዱን፣ ሕዝቡ ሌላውን ይሰማል። ጊታሩ በአዳራሹ ሥርዓት በማያልፍበት አነስተኛ መድረክ ላይ ይህ ችግር ስለማይኖር ካቢኔቱ በራሱ በቂ ነው።

ሁለተኛው የድምፆች ብዛት ነው። ሙሉ ክልል ስፒከር በአንድ ምሽት የበርካታ ካቢኔቶችን ጠባይ ሊያሰማ ይችላል፤ የጊታር ካቢኔት ግን በሁሉም ላይ የራሱን ማኅተም ያሳርፋል። በተመሳሳይ መሣሪያ አኩስቲክ ጊታር ወይም ፒክአፕ የተገጠመለት ክራር የሚጫወት ሙዚቀኛ፣ የክሩ ምት ጥራት ከ5 ኪሎሄርዝ በላይ ስለሚዘልቅ፣ በጊታር ካቢኔት ብዙ ያጣል።

ሦስተኛው የድምፅ ከፍታ ነው። ፍሌቸርና መንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ የሰው ጆሮ ለዝቅተኛና ለከፍተኛ ድግግሞሾች ያለው ንቃት ከድምፁ ከፍታ ጋር ይለወጣል። በቤት ውስጥ በለሆሳስ የተዘጋጀ ድምፅ በመድረክ ከፍታ ሲጫወት የሚያጓራውና የሚሻክረው ከዚህ የተነሣ ነው። ስለዚህ ማስተካከያው በሚጫወቱበት ከፍታ መሠራት አለበት። በሙሉ ክልል ስፒከር ላይ ከ80–100 ሄርዝ በታችና ከ5–8 ኪሎሄርዝ በላይ መቁረጥም የተለመደ መነሻ ነው።

7. ለተመራማሪዎች የሚቀር ጥያቄ

በሁለቱ መካከል የሚደረጉ ብዙ ንጽጽሮች የስልት ጉድለት አለባቸው። በቅርብ ማይክሮፎን የተቀዳን ድምፅ በሩቅ ጆሮ ከሚሰማ ካቢኔት ጋር ያወዳድራሉ፤ ከዚያም ልዩነቱን በስፒከሩ ዓይነት ያመካኛሉ። ሚዛናዊ ሙከራ የሁለቱን ከፍታ በመለኪያ ማስተካከል፣ አድማጩ የትኛው እንደሚጫወት እንዳያውቅ ማድረግ፣ የካቢኔቱንም ምላሽ አድማጩ ካለበት ርቀት በመለኪያ ማይክሮፎን መቅዳት ይጠይቃል።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም አንድ ልዩነት ይቀራል። ኢምፐልስ ሪስፖንስ የካቢኔቱን ድምፅ ከአንድ የሕዋ ነጥብ ብቻ ይይዛል። ካቢኔቱ ግን ወደየአቅጣጫው የተለያየ ድምፅ ያሰራጫል፤ ክፍሉም ይህንን ሥርጭት መልሶ ያስተጋባል። ሙሉ ክልል ስፒከር የካቢኔቱን ምላሽ ቢያስመስልም ድምፁን የሚያሰራጨው በራሱ አቅጣጫዊነት ነው። ተጫዋቾች «ክፍል ውስጥ ያለ አምፕሊፋየር» የሚሉትና በስሌት አልተካ ያላቸው ስሜት ቢያንስ በከፊል ከዚህ እንደሚመነጭ መገመት ይቻላል። ስሜቱ ምን ያህሉ ከአቅጣጫዊነት፣ ምን ያህሉ ከልማድ እንደሚመጣ መለየት ለድኅረ ምረቃ ጥናት የሚመጥን ርዕስ ነው።

8. ማጠቃለያ

ሙሉ ክልል ስፒከርና የጊታር ካቢኔት ለተለያየ ዓላማ የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ የተሰጠውን ድምፅ ለማስተላለፍ፣ ሌላው ድምፁን ለመፍጠር። ተጫዋቹ የተቀረጸ የሚመስል፣ ከሕዝቡ ጋር የሚጋራው፣ ዓይነቱም ብዙ የሆነ ድምፅ ከፈለገ ሙሉ ክልሉን፤ አንድ የታወቀ ድምፅና የካቢኔቱን የክፍል ውስጥ ሥርጭት ከፈለገ ካቢኔቱን ሊመርጥ ይችላል። በሁለቱም ምርጫ ግን ገንዘብ ከማውጣት በፊት ማጣሪያው በሰንሰለቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ መሥራቱን ማረጋገጥ ይቀድማል።