ቢላዋው ሜዳውን ሲያውቅ

እ.ኤ.አ ኦክቶበር 20 ቀን 1998፣ ፖላንድ ክራኮው። ባለሜዳው ዊስላ ክራኮው በዩኤፋ ካፕ የጣሊያኑን ፓርማ እያስተናገደ ነው። ያኔ ፓርማ ማለት ቡፎን፣ ካናቫሮ፣ ቱራም፣ ቬሮንና ክሬስፖ የተሰባሰቡበት የሚፈራ ቡድን ነበር። በጨዋታው መሃል ከደጋፊዎች በኩል የተወረወረ ነገር የአማካዩን የዲኖ ባጂዮን ጭንቅላት መታው። ድንጋይ አልነበረም። ሳንቲምም አልነበረም። ቢላዋ ነበር!

ባጂዮ ቆስሎ ተረፈ። ዊስላ ግን አልተረፈም። ዩኤፋ ክለቡን ለአንድ ዓመት ከአውሮፓ ውድድሮች አገደው። አንድ ሰው ለወረወረው ቢላዋ የከተማው ደጋፊ በሙሉ ዋጋ ከፈለ። ፓርማ በበኩሉ ጉዞውን ቀጥሎ በ1999 ሞስኮ ላይ ማርሴይን 3 ለ 0 በመርታት ዋንጫውን አነሳ።

ታዲያ ቢላዋ ክፉ ነገር ነው ማለት ነው? አይደለም። ቢላዋ እንደ ተጫዋች ነው፤ ያለቦታው ከተሰለፈ ቡድን ያፈርሳል፣ በቦታው ከገባ ደግሞ ጨዋታ ይቀይራል። የቢላዋ ትክክለኛ ሜዳ ተራራው፣ ጫካውና የሐይቅ ዳር ድንኳኑ ነው። ስሜን ተራሮች ላይ ሳንቃ በር ወይም ጨነቅ ደርሶ ድንኳን የተከለ ሰው ገመድ ይቆርጣል፣ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ለእሳት የሚሆን ጭራሮ ይፈቀፍቃል። ያን ጊዜ ኪሱ ውስጥ ያለው ነገር የሚረባ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ቀልድ አይሆንም። ደነዝ ቢላዋ ይንሸራተታል፤ የተንሸራተተ ቢላዋ ደግሞ የሚያርፈው ጣት ላይ ነው። ክሊኒክ ሩቅ በሆነበት ተራራ ላይ የተቆረጠ ጣት የጉዞው መጨረሻ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ ሰንጢ ለምን አይበቃም? ሰንጢ ኪስ ውስጥ ለመያዝ ይመቻል፣ ግን መታጠፊያ አለው። መታጠፊያው አሸዋና ሥጋ ይሰበስባል፣ ለማጠብ ያስቸግራል፣ መቆለፊያ ከሌለው ወይም መቆለፊያው ከላላ ደግሞ ሥራ መሃል ጣት ላይ ሊዘጋ ይችላል። የማይታጠፈው ቢላዋ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። አንድ ወጥ ብረት፣ እጀታና አፎት፣ አለቀ።

ቀጣዩ ጥያቄ የገንዘብ ነው። ብዙ ሰው ጥሩ ቢላዋ የግድ ውድ ይመስለዋል። ይህን ወሬ ውድቅ የምታደርግ አንዲት የስዊድን ከተማ አለች፤ ስሟ ሞራ ይባላል። ስፖርት አፍቃሪ ሞራን የሚያውቃት በበረዶ መንሸራተት ነው። ከ1922 ጀምሮ የሚካሄደው ቫሳሎፔት የተባለው የ90 ኪሎ ሜትር ውድድር ሴለን አካባቢ ተነስቶ የሚያበቃው እዚህች ከተማ ውስጥ ነው። ካምፕ የሚወጣ ሰው ግን ሞራ ሲባል ትዝ የሚለው ቢላዋ ነው።

ታሪኩ ወዲህ ነው። ሞራ አጠገብ ባለችው ኦስትኖር መንደር ፍሮስት ኤሪክ ኤርሶን የተባለ ሰው ከሰሜን አሜሪካ ተመልሶ በ1891 ፋብሪካ ከፈተ። ዋናው ምርቱ በበረዶ ላይ እንጨት የሚጎተትበት መንሸራተቻ ነበር። ቢላዋ በተቀያሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ምርት ነበር ማለት ይቻላል። ተቀያሪው ግን ዋነኛ ተሰላፊ ሆነ! በ1912 ሌላው የአካባቢው ፋብሪካ ኬጄ ኤሪክሰን ተቋቋመ። ሁለቱ ተፎካካሪዎች ከጊዜ በኋላ አንድ ላይ ሆኑ። ዛሬ ምርቱ ሞራክኒቭ በሚል ስም ይሸጣል።

ከምርቶቹ መሃል በዋጋ ተመጣጣኝነቱ ስሙ የሚነሳው ኮምፓኒየን የተባለው ነው። ስለቱ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ የማይዝገው ዓይነት ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ እጀታው የጎማነት ስላለው በእርጥብ እጅ እንኳ አያሟልጭም። ውጭ አገር ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ15 እስከ 25 ዶላር መሃል ይገኛል። ከዚህም ያነሰ ለሚፈልግ ኤልድሪስ የሚባለው አለ፤ ስለቱ 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ትንሽ ቢሆንም ገመድ ለመቁረጥና ምግብ ለማዘጋጀት አያንስም። ነገር ግን እጁ ትልቅ የሆነ ሰው እጀታው ሊያጥርበት ይችላል። በዚያ ላይ ትንሽ ስለሆነ ርካሽ ነው ብሎ መገመት ስህተት ነው፤ ከኮምፓኒየን የሚወደድበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ሞራም ሆነ ሌላ ስም ያለው ቢላዋ ሲገዛ ምን ይታያል?

የመጀመሪያው ርዝመት ነው። ለካምፕ ሥራ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ስለት ይበቃል። በፊልም የሚታየው ክንድ የሚያህል ጩቤ ሽንኩርት ለመላጥ እንኳ አይመችም። ትልቅ ተከላካይ ሁሉ ጥሩ ተከላካይ አይደለም፤ ካናቫሮ 1 ሜትር ከ76 ሆኖ በ2006 የዓለም ዋንጫን አንስቷል።

ሁለተኛው ብረቱ ነው። ምርጫው በአጭሩ በሁለት ይከፈላል፦ የማይዝገውና ካርቦን የሚባለው። ካርቦኑ በቀላሉ ይሳላል፣ ግን ሎሚ ወይም ቲማቲም ከነካው ይጠቁራል፣ እርጥብ ሆኖ ካደረ ደግሞ ይዝጋል። የማይዝገው የሚባለውም ቢሆን ጨርሶ አይዝግም ማለት አይደለም፤ ቸልተኛን ግን ይታገሳል። ክረምት ላይ ለሚጓዝ፣ ዓሣ ለሚያጠምድና ቢላዋውን መጥረግ ለሚረሳ ሰው የሚሻለው የማይዝገው ነው።

ሦስተኛው እጀታ ውስጥ ያለው ብረት ነው። ይህን ሻጭ አይናገርም፣ ገዢም አይጠይቅም። በአንዳንድ ቢላዋ ብረቱ እስከ እጀታው መጨረሻ ይደርሳል፤ በሌላው መሃል ላይ ያበቃል። የኮምፓኒየን ብረት የእጀታውን ጫፍ አይደርስም፤ ርካሽና ቀላል ከሆነባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው። ለመቁረጥና ለመፈቅፈቅ ችግር የለበትም። በዱላ እየመቱ ግንድ ልፍለጥበት ካሉት ግን ሊሰበር ይችላል። ያኔ ጥፋቱ የተጫዋቹ ሳይሆን የአሰልጣኙ ነው። ለፍልጥ መጥረቢያ አለ!

አራተኛው አፎቱ ነው። ቢላዋውን አጥብቆ ካልያዘ፣ ሰው ሲወድቅ ወይም ሲያጎነብስ ስለቱ ወጥቶ ጭን ሊወጋ ይችላል። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ አፎቱን ገልብጦ፣ ከእግር አርቆ፣ ቀስ ብሎ መነቅነቅ። ቢላዋው ከወደቀ ሌላ መፈለግ ነው። በተጨማሪ እጀታው ከስለቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጣትን የሚያቆም እብጠት ቢኖረው ለጀማሪ ይመረጣል። ሲወጉበት እጅ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት ይከላከላል።

የሞራ ቢላዋዎች አንድ ሌላ ጥሩ ጎን አላቸው። ስለታቸው በሁለቱም ጎን ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ተዳፋት አለው። ለመሳል ይህን ጠፍጣፋ ድንጋዩ ላይ አስተኝቶ መግፋት ነው፤ ማዕዘን መገመት የለም። ተራ የመሳያ ድንጋይና ትንሽ ውሃ በቂ ነው። በፍጥነት በሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ሞረድ ማሳል ግን ብረቱን ያግልና ጥንካሬውን ያጠፋዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ከውጭ በዘመድ ለማስመጣት ያሰበ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛ፣ ቢላዋ አውሮፕላን ውስጥ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሁለተኛ፣ የአገሩ ሕግ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የማይታጠፍ ቢላዋ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ አደባባይ መውጣት ወንጀል ነው፤ ትንሽ ነው ማለት ምክንያት አይሆንም። የሞራ አገር ስዊድን እንኳ ለሥራ ወይም ለመሰል በቂ ምክንያት ካልሆነ በስተቀር ቢላዋ ይዞ በአደባባይ መዘዋወርን ትከለክላለች። ለንደን ያለ ዘመድ ገዝቶ በቀጥታ ወደ ቤቱ ይውሰድ እንጂ ወገቡ ላይ አድርጎ ኤምሬትስ ስታዲየም በር ላይ እንዳይሰለፍ።

ኳሱም ቢላዋውም የሚሉት አንድ ነገር ነው። ቅዳሜ ሌሊት ከካምፕ ተመልሶ እሁድ ጨዋታ ለማየት የሚሮጥ ደጋፊ ቦርሳውን ቤት ያራግፍ። ቢላዋው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሕፃን የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ክራኮው ውስጥ አንድ ሰው ይህን ባለማድረጉ አንድ ተጫዋች ደማ፣ አንድ ክለብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የአውሮፓን ጨዋታ በቴሌቪዥን ለማየት ተገደደ።