የታመነው ፕሮግራም ለማን ይታዘዛል? የተፈቀዱ ፕሮግራሞች ዝርዝርና የሚታለፍባቸው መንገዶች



የዛሬው ንግግሬ በኮምፒውተር ደኅንነት ውስጥ ጠንካራ ከሚባሉት መከላከያዎች በአንዱ ላይ ያተኩራል። እርሱም የተፈቀዱ ፕሮግራሞችን ዘርዝሮ ከዝርዝሩ ውጭ ያለውን ሁሉ መከልከል ነው፤ በሙያው ቋንቋ አፕሊኬሽን ዋይትሊስቲንግ ይባላል። አንቲቫይረስ በተለምዶ የሚጠይቀው «ይህ ፕሮግራም ጎጂ መሆኑ ይታወቃልን?» ብሎ ነው፤ ስለዚህ ትናንት ማታ የተጻፈ ጎጂ ፕሮግራም ሊያመልጠው ይችላል። ዋይትሊስቲንግ ግን «ይህ ፕሮግራም እንዲሠራ ተፈቅዷልን?» ሲል ይጠይቃል፤ ያልተፈቀደው፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ አይነሣም። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ለዚህ ዘዴ ራሱን የቻለ መመሪያ አውጥቷል፤ አውስትራሊያም ለመሥሪያ ቤቶች ከምትመክራቸው ስምንት መሠረታዊ መከላከያዎች መካከል አካታዋለች።

ይሁንና የደኅንነት ፈታሾች ይህን አጥር ደጋግመው ያልፉታል። ብዙውን ጊዜ የሚያልፉት አጥሩን ሰብረው ሳይሆን በበሩ በኩል፣ በታመነ አገልጋይ እጅ ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት አስቀድመን ዝርዝሩ ፕሮግራምን በምን እንደሚለይ እንመልከት።

ዋና ዋናዎቹ መለያዎች ሦስት ናቸው፦ ፋይሉ የተቀመጠበት ፎልደር፣ የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ፣ እንዲሁም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላው ሃሽ የተባለ አሻራ። በፎልደር መለየት ለአስተዳዳሪው ቀላል ነው፤ ከሦስቱም ደካማው ግን እርሱ ነው። ከዊንዶውስ 7 ጋር የመጣው አፕሎከር፣ በነባር ደንቦቹ፣ በዊንዶውስ ፎልደር ሥር ያለውን ሁሉ ይፈቅዳል። የደንቡ መነሻ «ተራ ተጠቃሚ በዚያ መጻፍ አይችልም» የሚል ነው። ዳሩ ግን ከንዑስ ፎልደሮቹ አንዳንዶቹ ተራ ተጠቃሚ ሊጽፍባቸው የሚችል ናቸው፤ በእነርሱ ውስጥ የተቀመጠ እንግዳ ፋይል እንደ ቤቱ ልጅ ይቆጠራል። ሃሽ በአንጻሩ ጥብቅ ነው፤ በፋይሉ ላይ ጥቂት ለውጥ ቢደረግ አሻራው ሌላ ይሆናል። ነገር ግን ፕሮግራሙ በታደሰ ቁጥር ዝርዝሩም መታደስ ስላለበት ለአስተዳዳሪው ከባድ ሸክም ነው። በመካከል የሚገኘው ፊርማ ነው፤ የነገሩ ቁም ነገርም ከዚህ ይጀምራል።

ፊርማ የሚመሰክረው ፕሮግራሙን ማን እንደ ሠራውና ከተፈረመ ወዲህ እንዳልተለወጠ ነው። ዛሬ በማን ትእዛዝ ምን እየሠራ እንደሆነ አይመሰክርም። ሬግስቨር32 የተባለውን ትንሽ የዊንዶውስ መሣሪያ እንውሰድ። ሥራው ዲኤልኤል የሚባሉ የጋራ ፋይሎችን በሥርዓቱ ማስመዝገብ ነው፤ የማይክሮሶፍትም ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ኬሲ ስሚዝ የተባለ ተመራማሪ ይህ መሣሪያ ከኢንተርኔት ስክሪፕት አምጥቶ ሊያስኬድ እንደሚችል አሳየ፤ ዘዴው ስኩዊብሊዱ በሚል ስም ታወቀ። ኤምኤስቢልድም ተመሳሳይ ነው። ለፕሮግራም ጸሐፊዎች የተዘጋጀ፣ የፕሮጀክት ፋይል አንብቦ ፕሮግራም የሚገነባ መሣሪያ ሲሆን፣ በዚያው ፋይል ውስጥ የተጻፈለትን ኮድ ሊያስኬድ ይችላል። ሁለቱም ፋይሎች አልተነኩም፣ ፊርማቸውም አልተጭበረበረም። ዘበኛው የስም ዝርዝር ይዞ በር ላይ ሲቆም የሚያየው የሚገባውን አገልጋይ ነው፤ አገልጋዩ ከውጭ ሰው የተቀበለውን እሽግ አይፈታም።

ይህ ችግር ከዊንዶውስ ይቀድማል። ኖርም ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ስለ አንድ ኮምፓይለር ይተርካል። ኮምፓይለሩ የአጠቃቀም መረጃ እንዲመዘግብ በአንድ የሥርዓት ፎልደር የመጻፍ ልዩ ፈቃድ ነበረው፤ በዚያው ፎልደር የደንበኞች የሒሳብ መዝገብም ይገኝ ነበር። አንድ ተጠቃሚ ውጤቱ የሚጻፍበት ፋይል አድርጎ የሒሳብ መዝገቡን ስም ሰጠ፤ ኮምፓይለሩም ታዝዞ መዝገቡን ደመሰሰው። ተጠቃሚው ፈቃድ አልነበረውም፤ ፈቃድ ያለው ታዛዥ ግን አገኘ። ሃርዲ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ግራ የተጋባ እንደራሴ ሲል ሰየመው። ሬግስቨር32ም ሆነ ኤምኤስቢልድ በዚህ አገባብ ሲታዩ እንደራሴዎች ናቸው፦ ሥልጣኑ የራሳቸው፣ ፈቃዱ የሌላ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የእምነቱ ምንጭ ራሱ ይነካል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013፣ ይህንኑ መከላከያ ይሸጥ የነበረው ቢት9 የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ፣ ሰርጎ ገቦች በፊርማ ሰርተፊኬቱ ጎጂ ፕሮግራሞችን እንደፈረሙ አስታወቀ። የራሱን ምርት በራሱ መረብ ባሉ ጥቂት ኮምፒውተሮች ላይ አለመጫኑንም አመነ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ማይክሮሶፍት ለማለፊያነት ሊያገለግሉ የሚችሉ ፕሮግራሞችን፣ የራሱን መሣሪያዎች ጨምሮ፣ ዘርዝሮ እንዲታገዱ ይመክራል። እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ ልብ እንበል፦ የታወቀውን ክፉ እያሳደዱ መኖር አይበቃም ብለን የመረጥነው ነጭ መዝገብ፣ በሆዱ ጥቁር መዝገብ ተሸከመ። እገዳው አስፈላጊ ነው፤ ግን ምንጊዜም ከግኝቱ በኋላ የሚመጣ ነው። የተሻለው መንገድ እምነቱን ማጥበብ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተር ኤምኤስቢልድ አያስፈልገውም። ተራ ተጠቃሚ የሚጽፍበት ፎልደር ፕሮግራም የሚነሣበት ሊሆን አይገባም። የተፈቀደው ፕሮግራምም ማን እንዳስነሣውና በምን ትእዛዝ እንደተነሣ መመዝገብ አለበት፤ ዘበኛው ያላየውን እሽግ መዝገቡ ያሳያልና። ማይክሮሶፍት ራሱ አፕሎከርን የሚቆጥረው ከመከላከያ ድርቦች እንደ አንዱ እንጂ ብቻውን እንደሚቆም ግንብ አይደለም።

ከዚህ የፈታሹ ኃላፊነት ይመነጫል። በፍተሻ ጊዜ የሒሳብ ማስያ ፕሮግራም በተከለከለ መንገድ መክፈት ማለፊያው መኖሩን ለማሳየት በቂ ነው፤ ጉዳት ማድረስ አያስፈልግም። ሪፖርቱ ግን «አለፍኩ» ብሎ ካበቃ፣ መሥሪያ ቤቱ አንዲት ፋይል አግዶ ይተኛል። ሦስት ጥያቄዎች ሊመልስ ይገባዋል፦ የትኛው የእምነት ደንብ አሳለፈው? ያ እምነት ለማን ሥራ ያስፈልጋል? ካለፈስ በኋላ ምን ምልክት ተመዘገበ? ፍተሻው በስምምነትና በጽሑፍ ፈቃድ መካሄድ እንዳለበትም አይዘነጋ፤ በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን የማለፊያ ዘዴዎችን ስም ከማጥናት ይልቅ በእያንዳንዱ የተፈቀደ ፕሮግራም ፊት ቆመው «ይህ ፕሮግራም ለማን ይታዘዛል?» ብለው እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ። የዘዴዎቹ ስም በየዓመቱ ይለወጣል፤ ጥያቄው ግን ከሃርዲ ኮምፓይለር ጀምሮ ያው ነው።